ደወሉ ቀድሞ ተደውሎ ነበር፦ ለኮምቦልቻው ወዳጄ የተጻፈ ምላሽ

ወዳጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ። በሁለተኛው ሳቅኩ። አንተ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ተቀምጠህ የጻፍከውን እኔ ደሴ ጉም ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ ነው ያነበብኩት። የአየሩ ልዩነት ይሆን እንዴ ብዬ ነበር። አይደለም። ተሳስተሃል።

ጽሑፍህን ላላነበበ ሰው ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። «ብሬኪንግ ባድ» የሚባለው ተከታታይ ፊልም አራተኛ ሲዝኑ መጨረሻው ላይ ተበላሸ ትላለህ። ምክንያት ያልካቸው አምስት ናቸው። ጋስ ፍሪንግን የሚያህል ጠንቃቃ ሰው በገዛ እግሩ ወጥመድ ውስጥ አይገባም። ቦምብ ፊቱን የገመሰው ሰው ቆሞ ክራቫቱን አያስተካክልም። የትንሹ ልጅ መመረዝ ተመልካችን ማጭበርበር ነው። ክፉው ሰው አሸንፎ ወጣ። በመጨረሻም፣ ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ጣጣ ለወሎ ልጅ ምኑ ነው?

ፊልሙን ያላያችሁ እዚህ ላይ አቁማችሁ ብትሄዱ አልቀየምም፤ ከዚህ በኋላ የማላወጣው ጉድ የለም። ለቀሪዎቻችሁ ግን፦ ዋልተር ዋይት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አልበከርኪ በምትባል ከተማ የሚኖር የኬሚስትሪ መምህር ነው። ካንሰር ያዘው። ለቤተሰቤ ገንዘብ ትቼ ልሙት ብሎ ከቀድሞ ተማሪው ከጄሲ ፒንክማን ጋር አደንዛዥ ዕፅ ማብሰል ጀመረ። በአራተኛው ሲዝን አለቃቸው ጋስ ነው። ከፊት የዶሮ ጥብስ ቤቶች ባለቤት፣ ከጀርባ የዕፅ ነጋዴ። ሲዝኑ ሙሉ አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ማንን ይቀድማል? መልሱን የያዘው አሥራ ሦስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2011 ተላለፈ። በእኛ መስከረም 28 ቀን 2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የጻፈውም ያዘጋጀውም የተከታታዩ ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ራሱ ነው።

እኛ ጋ የደረሰው ግን ከወራት በኋላ፣ በክረምት፣ በፍላሽ ነው። የዚያን ፍላሽ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ፤ ጣጣው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጋስ ጥንቃቄ።

አንተ የምትለው ይህ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ክፍል ጋስ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ መኪናው ሲሄድ ድንገት ቆመ። መኪናው ላይ ቦምብ ተጠምዷል። አላየውም፣ አልሰማውም። ዝም ብሎ ነፍሱ ነገረችውና ዞሮ ሄደ። ይህን ያህል ከሩቅ የሚሸትተው ሰው እንዴት ወዲያው በቀጣዩ ክፍል አረጋውያን መጦሪያ ገብቶ ቦምብ ፊት ይቀመጣል?

ግማሹን ልስጥህ። ያቺ የመኪና ማቆሚያ ትዕይንት እኔንም አትጥመኝም። ሰውየውን ጠንቋይ አስመስለውታል። ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ አንድ የተከፈተ በር ወይም አንድ የማያውቀው ሰው ቢያሳዩን ይሻል ነበር። ጉድለቱ ግን የአሥራ ሁለተኛው ክፍል ነው። የእሱን ዕዳ አሥራ ሦስተኛው ላይ አትጫን።

ስለ ጋስ የዘነጋኸው ነገር አለ። ይህ ሰው አብዛኛውን ነገር በሰው እጅ ያሠራል። ቂሙን ግን ለማንም አያውስም።

ስምንተኛውን ክፍል አስታውስ። ጋስ ገና ወጣት ነው። ከሸሪኩ ከማክስ ጋር የሜክሲኮው የዕፅ ባላባት ዶን ኤላዲዮ ቤት፣ መዋኛ ገንዳ ዳር ተቀምጠዋል። ሄክተር ሳላማንካ ከኋላ መጥቶ ማክስን ጭንቅላቱ ላይ ተኮሰበት። ጋስን መሬት ላይ አጋድመው ያዙት። የጓደኛው ደም እየተንጠባጠበ ገንዳው ውስጥ ሲገባ አየ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንደጠበቀ አስበው። በአሥረኛው ክፍል ወደዚያው ገንዳ ተመለሰ። ዶን ኤላዲዮንና ሰዎቹን በስጦታ ባመጣው መጠጥ መረዛቸው። እንዲያምኑት ደግሞ መርዙን አብሯቸው ጠጣው።

እስቲ በአላህ፣ ጠንቃቃ ሰው መርዝ ይጠጣል? እኔና አንተ ጠንቃቃ የምንለው ሰው ቂሙ ጋ ሲደርስ ሌላ ሰው ነው። ይህን በአሥረኛው ክፍል አይተህ «ዋው» ብለሃል። በአሥራ ሦስተኛው «አይሆንም» አልክ።

ዶን ኤላዲዮ ከሞተ በኋላ ሄክተር ብቻ ቀረ። ስትሮክ መትቶት ዊልቸር ላይ ነው። አይናገርም። አንዲት ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ ዊልቸሩ ላይ የታሰረች ትንሽ ደወል አለችው፤ በቃ። ጋስ እየተመላለሰ የዘመዶቹን ሞት አንድ በአንድ ይነግረዋል። «እየኝ» ይለዋል። ሄክተር አያየውም። ጋስ ከዓለም ሀብት ሁሉ የጎደለው ይህ ነው፤ ያ ሽማግሌ ቀና ብሎ እንዲያየው።

እዚህ ላይ እማማን ላምጣቸው።

ያን ክረምት ፊልሙን የምናየው ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ጀበና ቡና የሚሸጡ እናታችን ዘንድ፣ ጓዳ ውስጥ ነበር። አምስት ነን። ላፕቶፑ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። እማማ እንግሊዝኛ አያውቁም። ሲኒ እያለቀለቁ፣ ከሰል እያራገቡ፣ አልፎ አልፎ ቀና ብለው ያያሉ። እኛ ከታች የሚያልፈውን ጽሑፍ ስናሳድድ እሳቸው ዓይን ያነባሉ። አባታቸውን አልጋ ላይ ለዓመታት አስታመዋል። አባትየውም መናገር ተስኗቸው ነበር፤ ሲፈልጉ በማንኪያ ብርጭቆ ይመቱ ነበር አሉን። «አንድ ጊዜ ሲመታ ውኃ ነው። ሁለት ጊዜ ሲመታ ገልብጡኝ ነው። ዝም ብሎ ሲደበድበው ግን ተናዷል፤ ያኔ አትቅረቡት።» ስለዚህ ሄክተር ማለት ለእማማ የቤታቸው ሰው ነው።

የመጨረሻው ክፍል ቀን መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ዘጠኝ በመቶ ላይ ነው። ጋስ ሄክተር ክፍል ገብቶ ፊቱ ተቀመጠ። መርፌውን አዘጋጀ። ለመጨረሻ ጊዜ እየኝ አለው። ሄክተር ቀስ ብሎ ዓይኑን አነሳ። እማማ ሲኒውን እንደያዙ «አየው! አየው! ኧረ ይሄ ሰውዬ ይውጣ!» ብለው ጮኹ። ገና ደወሉ አልተመታም። ገና ቦምብ የሚባል ነገር እኛም አልጠረጠርንም። ከዚያ ደወሉን ይደበድበው ጀመር። ዝም ብሎ። እማማ እንዳሉት።

አየህ፣ እማማ ጋስ እንዴት ሊገባ ቻለ ብለው አልጠየቁም። ለምን እንደገባ ገብቷቸዋል። የገባው ለመታየት ነው።

ደግሞ ዝም ብሎም አልገባም። የማይናገረው ሄክተር ድንገት የዕፅ ፖሊሶች ቢሮ ውሰዱኝ አለ። እዚያ ደርሶ ፊደል በፊደል እያስቆጠረ ስድብ ብቻ አስጽፎ ተመለሰ። (አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አራቴም ስቄያለሁ።) የጋስ ሰዎች መሄዱን አዩ፣ የተናገረውን ግን አልሰሙም። ጋስ ሲመጣ የእሱ ሰው ታይረስ አስቀድሞ ክፍሉን በመሣሪያ ፈተሸ። የፈለገው ግን የተደበቀ ማዳመጫ ነው። ጥንቃቄ አልጎደለም፤ የተጠነቀቁት ለሌላ ነገር ነው። ቦምቡን ግን ዋልተር ከሄክተር ጋር ተስማምቶ ከዊልቸሩ ሥር አስሮታል፤ የሚያፈነዳው ደወሉ ነው። እዚያ ጎንበስ ብሎ ያየ የለም። ሽባ ሽማግሌ የተቀመጠበትን ማን ያያል?

የሄክተርን ሚና የተጫወተው ማርክ ማርጎሊስ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 ለኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ታጭቶ ነበር። በአብዛኛው ትዕይንት አንድ ቃል ሳይተነፍስ። በ2023 አረፈ። አንተ በጽሑፍህ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳህም። ይህን ከሁሉም በላይ ቅር ብሎኛል።

ክራቫቱ ደግሞ።

ፍንዳታው የክፍሉን በር ገነጠለው። ጋስ ከጭሱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከጎን ስናየው ደህና ነው። «ተረፈ!» ብሎ አንዱ ልጅ ጭንቅላቱን ያዘ። ጋስ ክራቫቱን ያዝ አድርጎ አጠበቀ። ካሜራው ዞረ። የቀኝ ፊቱ የለም። ወደቀ። አንተ ይህን «የካርቱን ቀልድ» ብለኸዋል።

ሐኪም አይደለሁም፤ እንዲህ ያለ ሰው ስንት ሴኮንድ ይቆማል ብለህ አትሟገተኝ። ትዕይንቷ ቲያትር እንዳለባት አውቃለሁ። እኔ የምልህ ግን ይህችን እጅ ከዚህ በፊት አይተሃታል። የሲዝኑን የመጀመሪያ ክፍል ክፈት። ጋስ ላቦራቶሪው ውስጥ ይገባል። ሱፉን አውልቆ የሥራ ልብስ ይለብሳል። አንድም ቃል ሳይናገር የራሱን ሰው፣ ቪክተርን፣ ጉሮሮውን በካርቶን መቁረጫ ይቆርጠዋል። ከዚያ ታጠበ። ሸሚዙን፣ ክራቫቱን፣ ኮቱን መልሶ አንድ በአንድ ለበሰ። ሥራችሁን ቀጥሉ ብሎ ወጣ። አሥረኛውን ክፍልም ክፈት። መርዙን ጠጥቶ ሊያስመልሰው ሽንት ቤት ሲገባ መጀመሪያ ፎጣ አጣጥፎ መሬት ላይ ዘረጋ፤ ጉልበቱ እንዳይቆሽሽ። ሞት አንጀቱ ውስጥ እያለ!

እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት እጁ ወዴት ትሂድ? ክራቫቱ ጋ ነው የምትሄደው። ሲዝኑ ልብስ በመልበስ ተከፍቶ ልብስ በማስተካከል ተዘጋ። ፊቱን የሠሩት በዞምቢ ፊልም ሜካፕ የታወቁ ባለሙያዎች ናቸው፤ አሠራሩን ባትወድ መብትህ ነው። ሐሳቡን ግን ካርቱን አትበለው።

የክፍሉን ስምም ልብ አላልከውም። «ፌስ ኦፍ» ነው የሚለው። በእንግሊዝኛ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲፋጠጡ እንዲህ ይባላል። ቃል በቃል ስትወስደው ደግሞ ፊት ተገፈፈ ነው። አንተ የዋድላ ቅኔ የተዘረፈበት አገር ልጅ ሆነህ ህብረ ቃል አልፎህ ይሄዳል? ስሙን ቀድመው ነግረውናል። ሰሙን ይዘን ወርቁን እስኪያሳዩን ተቀመጥን።

አሁን ወደ ፍላሹ። ዋናው ክርክራችን እዚህ ነው።

ሦስተኛው ነጥብህ ስለ ብሮክ ነው። ብሮክ የጄሲ ወዳጅ የሆነች ሴት የወለደችው ሕፃን ነው። ድንገት ታመመ። ጄሲ ሪሲን የሚባል መርዝ ሲጋራ ውስጥ ደብቆ ይዞ ነበር፤ ያ ሲጋራ ጠፋበት። ስለዚህ ልጁን ማን መረዘው? ዋልተር ጄሲን ጋስ ነው ብሎ አሳመነው። በመጨረሻው ክፍል ግን ሐኪሞቹ ሪሲን አይደለም አሉ። ልጁ የተመረዘው ሊሊ ኦቭ ዘ ቫሊ በምትባል ተክል ነው፣ ይድናልም ተባለ። አንተ እዚህ ጋ ደርሰህ «ታዲያ ያ ሁሉ ወሬ ለምን አስፈለገ? ልጁ ቅጠል በልቶ ታመመ፣ በቃ። ደራሲው መውጫ ሲያጣ የፈጠረው ነው» ብለህ ደመደምክ።

ይህን ሳነብ ነው የሳቅኩት። ወዳጄ፣ አንተ ያየኸው የተቆረጠውን ቅጂ ነው።

እንዴት አወቅክ አትበለኝ። እኔም ያየሁት እሱን ነበር። ፍላሽ የምናስሞላበት አንድ ሱቅ ነበር፤ አድራሻውን ተወው። በሲዝን ነው የሚጭኑልህ። ቦታ ለመቆጠብ ይሁን በስንፍና እንጃ፣ የመጨረሻው ክፍል ፋይል ሙሉ አልነበረም። ዋልተር ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሞ ለሚስቱ ይደውላል። ምን ተፈጠረ ትለዋለች። «አሸነፍኩ» ይላታል። ስክሪኑ ጥቁር። በቃ፣ አለቀ ብለን ላፕቶፑን ዘጋን። ባትሪውም ሁለት በመቶ ቀርቶት ነበር፣ አልሐምዱሊላህ አልን እንጂ አልጠረጠርንም።

ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ። ልጁን ማን መረዘው? እኔ ማንም ብዬ ተከራከርኩ። ሕፃን ልጅ ነው፣ የሚያምር ፍሬ አይቶ በላ። እኛ አገርስ ስንት ልጅ ነው አጤ ፋሪስ ነካክቶ ሲቃዥ የሚያድረው? የዋልተር ጠበቃ ሆንኩልህ። መምህር ነው፣ ሕፃን አይመርዝም፣ ክፋቱም ልክ አለው አልኩ። አንዱ ጓደኛችን ጋስ ነው አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እማማ ጓዳ ውስጥ አቦል ላይ ጀምረን በረካ ላይ ሳንስማማ እንነሳለን።

ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ለእረፍት መጣ። ክርክራችንን ሰማና ግራ ገባው። «ሸክላውን አላያችሁትም እንዴ?» አለን። የምን ሸክላ? የራሱን ቅጂ ሰካ። ያው ነው። አሸነፍኩ አለ። ስልኩ ተዘጋ። ጥቁር አልሆነም። ካሜራው የዋልተር ግቢ ገባ፣ መዋኛ ገንዳውን አልፎ ሄዶ ሄዶ አንድ ሸክላ ላይ ቆመ። ውስጡ ነጭ አበባ አለ። ስሙ ተጽፎበታል፦ ሊሊ ኦቭ ዘ ቫሊ።

ጓዳው ጸጥ አለ። የመጀመሪያውን ቃል ማን እንደተናገረ አላስታውስም። እኔ ግን ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ሁለት ሳምንት ጥብቅና የቆምኩለት ሰው ነው!

እንግዲህ ያቺ ትዕይንት ከግማሽ ደቂቃ አትበልጥም። ንግግር የላትም፣ ሰው የለባትም። የሲዝኑን ትርጉም ግን ከሥሩ ገለበጠችው። ዋልተር ጄሲን ከጋስ ለመለየት፣ ጄሲ የሚወደውን ልጅ በገዛ እጁ መረዘ። አንተ «ደራሲው መውጫ አጣ» የምትለው ቦታ ደራሲው ወጥመዱን የዘጋበት ቦታ ነው። አንተም ጽሑፍህ ውስጥ ሸክላ የሚል ቃል የለም። አበባ የሚል የለም። ፈተሽኩ።

ዘሩስ ተዘርቶ ነበር? አዎ። አሥራ ሁለተኛውን ክፍል ተመልከት። ዋልተር ተስፋ ቆርጦ ገንዳው ዳር ተቀምጧል። ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ እያሽከረከረ ይጫወታል። አንድ ጊዜ ወደ ራሱ ዞረ። ሁለተኛም ወደ ራሱ። ሦስተኛ ሲያሽከረክረው አፈሙዙ ወደ አንድ የተተከለ አበባ አመለከተ። ዋልተርም አበባውን አየው፤ እኛም አየነው። ዓይናችን ሽጉጡ ላይ ነበርና አበባውን ማን ልብ ይበለው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ማጭበርበር የሚሆነው ካላሳዩህ ነው። አሳይተውሃል፤ በሽጉጥ ጠቁመው!

ተክሉም ልብ ወለድ አይደለም። በእርግጥ መርዛም ነው። ውስጡ ያለው ነገር የልብን ምት ያዛባል። ሪሲኑም ቢሆን ከሩቅ አገር የመጣ ምትሃት እንዳይመስልህ፤ የሚወጣው ከጉሎ ፍሬ ነው። በየአጥራችን ጥግ የሚበቅለው ጉሎ! እማማ ይህን ስነግራቸው ከበራቸው ላይ ያለችውን ጉሎ በማግስቱ አስነቀሏት።

አንድ ነገር ግን እውነትህን ነው። ዋልተር መርዙን እንዴት አድርጎ ለልጁ እንደሰጠው በዚህ ክፍል አያሳዩንም። መቼ ሄደ፣ በምን ቀላቀለው፣ ማን አየው የለም። እዚህ ላይ ብትጽፍ ኖሮ እኔም ፈርሜ እደግፍህ ነበር። አንተ ግን ቀዳዳውን ትተህ ግድግዳውን መታህ።

ወደ ደወሉ ልመለስና ይህን ሐሳብ ልጨርስ። የመጨረሻ ክፍል እንዳላሰብነው ስለሆነ ብቻ ጥሩ አይባልም። ድንገተኛማ መብራት መጥፋትም ድንገተኛ ነው። እኔ የምጠይቀው ወደ ኋላ ተመልሼ ሳይ ዱካውን አገኘዋለሁ ወይ ብዬ ነው። ሄክተርን እ.ኤ.አ. በ2009 በተላለፈው ሁለተኛ ሲዝን አስታውሰው። ዋልተር ምግብ ውስጥ ሪሲን ጨምሮ ቱኮን፣ የሄክተርን የወንድም ልጅ፣ ሊመርዝ ሞከረ። ሄክተር አየ። መናገር አይችልም። ምግቡን ገፍቶ ደፋው፤ ከዚያ ደወሉን እየመታ አስጠነቀቀ። ደወል፣ መርዝ፣ ዋልተርና ሄክተር በአንድ ጠረጴዛ ላይ፤ ያውም ከሁለት ዓመት በፊት! ያኔ ደወሉ በዋልተር ላይ ተመታ። አሁን ለዋልተር ተመታ። ዋልተር ወደ ሄክተር ሲሄድም አትውደደኝ፣ ከእኔ አብልጠህ የምትጠላው ሰው ግን አለ ብሎ ነው የገባው። ሽማግሌው ሁለት ቂም ነበረው። ትልቁን መረጠ።

አራተኛው ነጥብህ ላይ ብዙ አልቆይም። ክፉው አሸነፈ ትላለህ። «አሸነፍኩ» ያለው እሱ ነው እንጂ ፊልሙ አይደለም። ሸክላውን ካየህ በኋላ ያንን ቃል ደግመህ ስማው፤ አንጀትህ ይገለበጣል። ለነገሩ ይህ የሲዝን መጨረሻ ነው እንጂ የታሪኩ አይደለም። ተከታታዩ 62 ክፍል ሆኖ እስከ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2013 ቀጥሏል። የዋልተር ሂሳብ ገና አልተዘጋም ነበር። አንተ ጨዋታው እረፍት ላይ ሆኖ ዳኛውን ሌባ ትላለህ።

እኔን ግን ከመርዙ ይልቅ ያስደነገጠችኝ ሌላ ትንሽ ትዕይንት አለች። አንተ ምንም አላልክባትም። ዋልተር ቤቱ ውስጥ ገዳዮች ይጠብቁት እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ለጎረቤቱ ደወለላት። ምድጃ ሳላጠፋ ወጣሁ መሰለኝ፣ እባክሽ ገብተሽ እይልኝ አላት። አሮጊቷ ቁልፏን ይዛ ገባች። እሱ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ገዳዮቹ በጓሮ ሲወጡ አየ፤ ጉዳዩ ተሳካ። ሴትየዋ ብትሞትስ? ብትሞት ያው፣ ማወቅ የፈለገውን አወቀ። እኛ ሰፈር «ሽሮ ጥጄ ወጣሁ፣ እስቲ እይልኝ» የተባለች ጎረቤት ሳትጫማ ነው የምትሮጠው። ዋልተር የተጠቀመው ያንን ነው፤ የጎረቤት ቅንነትን። ከቦምቡም ከዕፁም በላይ ሰውየው ምን እንደሆነ ለእኔ የነገረችኝ ይህች አንድ ደቂቃ ናት። ይህን ያሳየህ ፊልም ክፋትን ያወድሳል ትላለህ?

በነገራችን ላይ ጋስን ሁለት ቦታ ላይ «ሜክሲኳዊው» ብለኸዋል። ከቺሊ ነው የመጣው። ጥቃቅን ስህተት ልልቀም ብዬ አይደለም። ዶን ኤላዲዮ ማክስን አስገድሎ ጋስን የማረው ማን እንደሆንክ አውቃለሁ፣ እዚህ ግን ቺሊ አይደለም ብሎት ነው። ሰውየው በአገሩ ማን ነበር? አልተነገረንም። ከጋስ ጋር ተቀብሮ ቀረ። እኔ ብሆን አምስተኛ ነጥቤ ይህ ይሆን ነበር፤ የአንተ ግን የአሜሪካ ጣጣ ለወሎ ምኑ ነው የሚል ሆነ።

ለእሱም መልስ አለኝ፤ የእኔ ሳይሆን የእማማ ነው። ሙሉውን ቅጂ ካየን በኋላ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንድናስረዳቸው ጠየቁን። አስረዳናቸው። ማክስ ተገደለ። ጋስ ሃያ ምናምን ዓመት ቂም ያዘ። የሄክተርን ዘመዶች ጨረሰ። ሄክተር ራሱን ጨምሮ እሱን ጨረሰ። ዝም ብለው ሰሙን። ከሰሉን አራገቡ። ከዚያ «እነዚህ ሰዎች አበጋር የላቸውም እንዴ?» አሉ።

ሳቅን። እሳቸው ግን የምር ነው የጠየቁት። ቃሉና ወረባቦ ላይ ደም የተቃቡ ሰዎችን አስቀምጦ፣ ዱዓ አድርጎ፣ ካሣ ቆርጦ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ባለበት አገር ነው ያደጉት። ያንን የገንዳ ዳር ደም ማንም ሳያደርቀው ያን ሁሉ ዓመት መቆየቱ ነው ያልገባቸው። እኛ አምስታችን ሲዝኑን ሙሉ ስናይ ይህ ጥያቄ አልመጣልንም። አንተ ለወሎ ምኑ ነው ትላለህ፤ ወሎ ጓዳ ውስጥ ሲኒ እያጠበች ፊልሙን ከሁላችንም አጥርታ አየችው።

አብሽር፣ አልተቀየምኩህም። ሙሉው ፋይል እኔ ጋ አለ፤ የአዲስ አበባው ልጅ የሰጠኝ፣ እስካሁን አልደለትኩትም። ቅዳሜ ወደ ደሴ ውጣ። እማማ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ጓዳዋም ያችው ናት። ላፕቶፕ ግን አንተ ያዝ፣ ባትሪውን ሞልተህ። ጃኬትም አትርሳ።